ባለ ጎማው ቤት በጣርማ በር

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እሷ ብትኖር ትነግራችሁ ነበር፤ ዘመን የምትቆጥረው በተወለደና በሞተ ሰው ስለ ነበር አትሳሳትም። እኔ የምቆጥረው በበቅሎ ነው። ይህ ነገር የሆነው ዳማዋ በቅሎዬ ከሞተች በኋላ ነው፤ ከእሷ ወዲያ ሌላ በቅሎ ስላልገዛሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ሁሉ ለእኔ አንድ ረጅም ዓመት ነው። ወሩ ግን ጥቅምት ነበር። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ የነከሰው ጆሮ ቀኑን ቢረሳ ወሩን አይረሳም።

በጉልበቴ ዘመን አጋሰስ ነጂ ነበርኩ። ከደጋ ገብስና ባቄላ ጭኜ ቆላ እወርዳለሁ፤ ከቆላ ጨውና በርበሬ ጭኜ ደጋ እወጣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እስከ «መ» ድረስ ነው፤ ከዚያ አባቴ በቅሎ ሰጠኝ። በቅሎም ደህና መምህር ናት፤ ስታጠፋ ምክር አታበዛም፣ ትራገጣለች። ካሚዮን መጥቶ ሥራችንን ሲወስድብን እንኳ አልተቀየምኩም። እንዲያውም ሲያልፍ ቆሜ አየው ነበር፤ ያን ሁሉ ጭነት እንዴት አድርገው ሚዛን እንደሚያስይዙት ይደንቀኝ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የሟች እህቴ ልጅ ታደሰ ደብረ ሲና ላይ አንዲት ልጅ ወደደ። በዚያን ጊዜ ወደደ ማለት ገበያ ላይ ሁለት ጊዜ አይቶ ከዚያ በኋላ እህል አልበላ አለ ማለት ነው። ልጅቱ የመሪጌታ ልጅ ናት። መሪጌታው ድምፃቸውም ቃላቸውም እንደ ደወል ነው፤ አንዴ ከተደወለ ተመልሶ አይገባም። የላኩብንም ቃል ይኸው ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጥላ ሳይረዝም፣ ሽማግሌ ይምጣ፤ ጥላ ከረዘመ ግን ልጄን አስቀድሞ ለጠየቀኝ ለሌላ ሰው ቃሌን እሰጣለሁ። ታደሰ ይህን ከሰማ ጀምሮ ዓይኑ ፀሐይ ላይ ተተከለ። እናቱ ስትሞት እጄ ላይ የጣለችው ልጅ ነው፤ በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፣ እሱም ይህ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። ታላቁ እኔ ነኝ፤ ነገር የምከፍተውም እኔ ነኝ። ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርምና ሁለቱ ያለ እኔ ቢሄዱ ደጃፍ ላይ ቆመው ከመሳል በቀር የሚሠሩት ነገር የለም። ቅዳሜ ሦስታችንም አውቶቡስ ተሳፈርን። ሊነሳ ሲል ዱላዬ እጄ ላይ የለም። ለካ ወንበር ስሻማ ጠጅ ቤቱ ደጃፍ አስደግፌው ኖሯል። ሽማግሌ ያለ ዱላ ልጅ ሊጠይቅ ይሄዳል እንዴ? ወረድኩ፣ ዱላዬን አገኘሁ፣ አውቶቡሱን አጣሁ። ዱላዬን ይዤ አቧራውን ሳየው ቆየሁ።

እሑድ በማለዳ ከደብረ ብርሃን መውጫ ላይ ቆምኩ። እሑድ ካሚዮን ብርቅ ነው። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሳለ፣ ከአዲስ አበባ በኩል አንድ ነገር መጣ። አውቶቡስ እንዳልለው መስኮቱ ላይ የአበባ መጋረጃ አለው። ካሚዮን እንዳልለው የምድጃ ጭስ ማውጫ ከጣሪያው ብቅ ብሏል። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በሩ በጎኑ ነው፣ እርከንም አለው። ቤት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁት፤ ቤት ደግሞ ያለ ሰላምታ አይገባም። ስለዚህ አውራ ጎዳና ላይ ቆሜ፣ ዱላዬን ተደግፌ፣ «ቤቶች፤ እንደምን አደራችሁ» አልኩ።

«ይግቡ» አለኝ ከውስጥ አንድ ድምፅ፣ በአማርኛ።

ባልና ሚስት ፈረንጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሽበት ጀምሯቸዋል። ሰውየው አዲስ አበባ ብዙ ዘመን ልጆች ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ሥራውን ጨርሶ፣ አገሩን ዳር እስከ ዳር አይቶ፣ በአስመራ በኩል ወደ ባሕሩ ሊወርድ ነው። ሚስቱ አማርኛ አትሰማም። እሱ ግን ይናገራል፤ የሚያውቀው አማርኛ ደግሞ የአክብሮቱን ብቻ ነው። ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ ለሰው ሁሉ እርስዎ ነው የሚለው። ለሰው ብቻ መሰላችሁ? መንገድ ላይ የበግ መንጋ ሲያጋጥመን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እባክዎ ይለፉ» አላቸው። በጎቹም አለፉ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ወዴት እንደምሄድና ለምን እንደቸኮልኩ ነገርኩት። መንገዱን አውቀው እንደ ሆነ ጠየቀኝ። እንኳን መንገዱን፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ አልኩት። ይህን ለሚስቱ ሲተረጉምላት ሴትዮዋ በደስታ እጄን ያዘችኝ። ምሥጢሩ የገባኝ ኋላ ነው። ሴትዮዋ የድንጋይ ሊቅ ኖራለች። በሄደችበት አገር ሁሉ ድንጋይ ትለቅማለች፤ እያንዳንዱን እንደ እንቁላል በጨርቅ ጠቅልላ በሣጥን ታኖራለች። ከአልጋው ሥር ሣጥን፣ ከወንበሩ ሥር ሣጥን። አንዱን ገልጣ አሳየችኝ። እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስረግጥ ኖሬ ድንጋይ ቆንጆ መሆኑን ያወቅኩት በዚያን ቀን ነው።

ስለ ቤቱ ምን ልበላችሁ። ሲኒዎቹ በመንጠቆ ተሰቅለዋል። ውኃ ከግድግዳ ይቀዳል። አልጋው ቀን ቀን ታጥፎ ወንበር ይሆናል። እኔን የገረመኝ ግን ይህ አልነበረም። የግራው ጎን ከቀኙ ጎን እኩል ተጭኗል፤ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፤ አንድ ነገር አይንኳኳም። እንዲያ አድርጎ በቅሎ የሚጭን ሰው በእኛ አገር ሦስት ብናገኝ ነው፣ ከሦስቱም ሁለቱ ሞተዋል። ማን እንደ ጫነው ብጠይቅ ሰውየው ሚስቱን አመለከተኝ። ተነሥቼ እጅ ነሳሁ። የገብሱ ክምር በመስኮት ሲያልፍ እያየሁ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ አገር ወደ ኋላው ሲሄድለት እንደዚህ ነው ማለት ነው እያልኩ፣ ስለ ጥላው እንኳ ማሰብ ረሳሁ።

ጣርማ በር ደረስን። ተራራውን የሚበሳውን ዋሻ አልፈን በወዲያ አፉ ስንወጣ ጉሙ ገለጥ አለና ገደሉ ታየ። ለማያውቀው ልንገረው፤ እዚያ ላይ ምድር ታልቃለች። ከእግርህ በታች ንስር ሲበር ጀርባውን ታያለህ። ሰውየው ፍጥነቱን ቀነሰ። ከታች በኩል የሆነ ነገር ሲጥ አለ፣ የተቃጠለ ጨርቅም ሸተተኝ።

«ፍሬኑ ትንሽ ደክመዋል» አለኝ ሰውየው። ለፍሬኑም እርስዎ ነው የሚለው። «ቁልቁለቱ እንዴት ነው?»

እኔም እውነቱን ነገርኩት። «ጌታዬ፣ እኔ በዚህ ቁልቁለት ጭነት ሳላራግፍ ወርጄ አላውቅም» አልኩት።

አጋሰስ ነጂ ሁሉ ይህን ያውቃል። ገደል አፍ ላይ ሲደረስ ጭነት ይወርዳል፤ ከብቱ ባዶውን ይወርዳል፣ ሰው በሸክም ያወርዳል። ሕጉ የበቅሎ ሕግ መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩትም፤ እግር ይኑረው ጎማ ቁልቁለት ያው ቁልቁለት ነው ብዬ። ሰውየው ለሚስቱ ነገራት። ሣጥኖቿን አየች፣ ገደሉን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ማራገፍ ጀመርን።

አልጋው ወረደ። ፍራሹ፣ ድስቱ፣ መስተዋቱ፣ ልብሱ፣ ሣጥኑ ሁሉ ከመንገዱ ዳር ተኮለኮለ። በመካከሉ አንድ ካሚዮን ከኋላችን መጣ፤ እህል እስከ ሰማይ ተጭኖበት፣ ከእህሉ ላይ ሰው ተቀምጦበት፣ ከሰው ላይ ፍየል ታቅፎበት። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ የቤት ኪራይ አቃታችሁ?» ብሎኝ፣ ምንም ሳያራግፍ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ልጅ ነው፣ የዚህን ገደል ነገር አያውቅም ብዬ አዘንኩለት።

ይኸኔ የጣርማ በር ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ።

እንግዲህ እነሱ ያዩትን በእነሱ ዓይን እዩት። የአንድ ቤት ዕቃ ሜዳ ላይ ወጥቶ ተዘርግቷል። ባል በአንድ ወገን ጎማው ሥር አጎንብሶ ይተክዛል። ሚስት በሌላ ወገን፣ ነፋሱ ቢመታት ጊዜ፣ ጀርባዋን ለባሏ ሰጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከመካከል ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ቆሞ በዱላው ይህን ወዲህ፣ ያን ወዲያ ይላል። ይህ በአገራችን ምን እንደ ሆነ ማን ያጣዋል? ትዳር ፈርሶ ንብረት ሲካፈል ነው።

አንድ ጥምጣም ያደረጉ አዛውንት ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ በሰንበት ትዳር የሚያፈርስ ሽማግሌ አይተው እንደማያውቁ በለሆሳስ ነገሩኝ። እኔ ጭነት እያራገፍኩ ነው አልኩ። ከዕቃው የትኛው የባል የትኛው የሚስት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እኔም በቅንነት፣ ሁሉም የሁለቱም ነው አልኳቸው። አዛውንቱ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «እኩል ሊካፈሉ ነው» አሉ። ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። በስተርጅና፣ በሰው አገር፣ እያሉ ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ።

ገና ይህን ሳላስተባብል ሰውየው ትልቁን ድንጋይ አነሣ። ይህ ከሣጥን አልገባ ያለ ነው፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከአልጋው እግርጌ የተኛ። ከብዶት ማጅራቱ ላይ አደረገው፤ ጎንበስ ብሎ፣ የት ላስቀምጠው ሊላት ወደ ሚስቱ ሄደ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የተቀየመው ሰው ፊት ይቀርባል። ይቅር ያለም ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። ፈረንጁ ድንጋይ ተሸክሞ ሚስቱ ፊት ሲያጎነብስ ሕዝቡ ሁሉ ከኋላው ተንበረከከ። ስለ ማርያም ይቅር በዪው አሏት። ሴትዮዋ ብድግ አለች፤ ድንጋዩ እንዳይወድቅባት ሮጣ ከትከሻው ተቀበለችው። እልልታው ገደሉን ሞላው። እኔ ራሴ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ያልተጣሉ መሆናቸውን እያወቅኩ።

ነገር ግን ወዲያው ድንጋዩን ገልጣ ብታየው ጫፉ ተሸርፏል። ሴትዮዋ ባሏን ተቆጣችው፤ በቋንቋዋ፣ ጣቷን እየቀሰረች። እልልታው ቆመ።

«ይቅርታዋ ከአንገት በላይ ነው» አሉ አዛውንቱ።

ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ አጣሁ። ሁለቱ ከልብ ታርቀው፣ በአንድ ገበታ በልተው ሳናይ አንድ ዕቃ አይነሣም፣ ሽማግሌውም ንቅንቅ አይሉም ተባለ። አንዱ ዳቦ ሊያመጣ ሄደ፣ ሌላው ንስሐ አባቱን ሊጠራ ሄደ። ፈረንጁ በዚያ በአክብሮት አማርኛው ያልተጣሉ መሆናቸውን አስረዳ። የተቀያየመ ባልና ሚስት ሁሉ እንግዳ ፊት እንዲህ ነው የሚለው ብለው ሳቁበት። እኔ የዱላዬን ጥላ አየሁ። ሲያጥር ቆይቶ፣ ለትንሽ ጊዜ ቆሞ፣ አሁን በሌላው ወገን መርዘም ጀምሯል። ታደሰ በዓይኔ መጣ። ከደብረ ሲና በላይ፣ ከገደል ጫፍ፣ ያልተጣላ የሚያስታርቅ ሕዝብ ከብቦኝ፣ የልጁ ዕድል ከፀሐይዋ ጋር እየወረደ ነው።

ከሕዝቡ መካከል ያልተንበረከከች አንዲት ሴት ነበረች። ጠይም፣ ረጅም፣ ከነጠላዋ ላይ ደበሎ የደረበች። በግ ነጋዴ ናት አሉኝ ኋላ። እሷ ሰው ሲያለቅስ ዕቃውን ትዞረው ነበር፤ በግ ሊገዛ እንደ መጣ ሰው፣ ከዚህ ጫን፣ ከዚያ ገለጥ እያደረገች። የሰውየውን ባርኔጣ አነሣችና ውስጡን አየች። ከዚያ ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች። በባርኔጣው ውስጥ የሚስቱ ማበጠሪያ ነበር፣ ከማበጠሪያው ሥር የእሱ ካልሲ በእሷ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ።

«ኧረ ተነሡ እናንተ» አለች። «ባሏን ጥላ የምትሄድ ሴት ማበጠሪያዋን ባርኔጣው ውስጥ አታኖርም። እኔ ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ፣ አውቀዋለሁ።»

መጀመሪያ አዛውንቱ ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ባለ ደበሎዋ ወደ እኔ መጥታ ምን እንዳቻኮለኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች።

«ታዲያ የሰው ልጅ ዕድል በእጅዎ ይዘው ድስት ይጠብቃሉ?» አለችኝ። አነጋገሯ ቁጣ አልነበረበትም። ፈረንጁን ቤቱ ባዶውን ይወርድ እንደ ሆነ ጠየቀችው። በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብለው፣ ይወርዳሉ አላት። ያን ጊዜ ሕዝቡን ዞር ብላ አየችው። «ለማስታረቅ ጉልበት ነበራችሁ፤ ለመሸከም ሲሆን አጣችሁ?» አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። አልጋውን አራት ጎረምሶች አነሡ። ፍራሹን አንዱ በራሱ ላይ አደረገው፤ ከሩቅ ሲታይ ፍራሽ በእግሩ የሚሄድ ይመስላል። ፈረንጇ ድንጋዮቿን ለማንም አታምንም ነበር፤ ባለ ደበሎዋ ግን አንዱን ተቀብላ፣ በጨርቁ ሸፍና፣ እንደ ጨቅላ አቅፋ ስታሳያት እሺ አለች። ሣጥን በገደል መንገድ አይወርድምና ሣጥኑ ተከፍቶ ለየሰው አንድ አንድ ድንጋይ ታደለ። አዛውንቱ ጥቁሩን ወሰዱ። ትልቁን እሷ ራሷ ማጅራቷ ላይ አደረገችው። መሪጌታው ደጃፍ ልንገናኝ ተባብለን ቤቱ በአውራ ጎዳናው እየተጠማዘዘ ወረደ፤ እኛ በአሮጌው የበቅሎ አቋራጭ ተወረወርን። ያን መንገድ እንኳ በእርግጥ አውቀው ነበር። እኔ ከፊት፣ የጣርማ በር ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ።

ስሄድ ጥላዬን አላየሁም፤ ባየው ወገቤ ይቆረጣል ብዬ።

አቋራጩ ደብረ ሲና የሚገባው በመሪጌታው አጥር በኩል ነው። መሪጌታው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወጥተው ነጠላቸውን እያጣፉ ሊሄዱ ነው፤ ታደሰ ከአጥሩ ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ጥላው ረዝሟል። ያን ሁሉ መንገድ ሳጠናው የመጣሁት ቃል አንዱም አልመጣልኝ አለ።

መሪጌታው ግን እኔን አላዩም። ከኋላዬ ያለውን ነው የሚያዩት። አንድ አገር ሰው፣ ሽማግሌ፣ ባልቴት፣ ጎረምሳ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ላብ አጥምቆት፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ደጃፋቸው ይመጣል። ጥምጣማቸውን አቃኑ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ይህ ሁሉ ሰው ስለ አንዲት ልጅ?» አሉ። «እኔ ማን ነኝና። በሉ አውርዱ፤ ቀጠሮ አለፈ ብል እግዜርም አይወድልኝ።»

ወገኖቼ፣ እኔ ዝም ልል ነበር። ልቤ ዝም በል፣ ተሳክቷል አለኝ። ያቺ ሴት ግን ድንጋዩን ሳታወርድ ወደ ፊት ወጣች።

«መሪጌታ፣ አናታልልዎት» አለች። «ድንጋዩ የፈረንጇ ነው፤ ወደ ቤቷ እያደረስንላት ነው። እኚህ ሽማግሌ በጠዋት ተነሥተው ነበር፤ ያስዘገየናቸው እኛ ነን። ያልተጣላ ባልና ሚስት ካላስታረቅን ብለን ያዝናቸው። ጥፋቱ የእኛ ነው። እንግዲህ ድንጋዩም ትከሻችን ላይ ነውና፣ በዚሁ ይቁጠሩልን።»

ይህች ሴት ደብረ ሲና ገበያ ላይ የታመመ በጓን የታመመ ነው ብላ የምትሸጥ መሆኗን ከተማው ሁሉ ያውቃል። መሪጌታው ሳቁ። ሲስቁ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ውሻቸው ተነሥቶ ጮኸ። መጥተው ትልቁን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ከማጅራቷ አወረዱላት።

ቤቱ የደረሰው ይኸኔ ነው፣ ፍሬኑም ሳይከዳው። ፈረንጁ ወርዶ ነገሩን ሲሰማ ከእኛ ጋር ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ተቀመጥ ቢሉት እንቢ አለ፣ ሽማግሌ ሳይመለስለት አይቀመጥም ብዬ በመንገድ ነግሬው ነበርና። ለመሪጌታው እጅ ነሥቶ፣ «እባክዎ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን» አላቸው። እኔ ልናገረው ያጠናሁት ሁሉ በዚያች ቃል አለቀ። መሪጌታውም ሰጡ።

ታደሰና ሚስቱ ዛሬም አብረው ናቸው፤ የልጅ ልጅ አይተዋል። በየበዓሉ ተሰብስበው ትዳራችንን ያቆሙልን እርስዎ ነዎት እያሉ ጉልበቴን ይስሙኛል፤ እኔም እንደ ሽማግሌ ወጉ እመርቃለሁ። ምርቃቱ ሲያበቃ ግን ሁልጊዜ አንድ ስም እጨምርላቸዋለሁ፣ እንዳይረሱት። እኔ በዚያን ቀን ያደረግኩት ነገር ቢኖር ዱላ ይዞ መቆም ነው። እኔንም፣ ቤቱንም፣ ልጁንም ያን ቁልቁለት ያወረደችን የጣርማ በሯ በግ ነጋዴ፣ አስካለ ናት።